ያልሰጠሁት ቬሎ

«ሰጠች» ይላሉ። ማን አያት ስትሰጥ? እስቲ እዚያ ነበርኩ የሚል ይምጣና ይንገረኝ!

አበዛሽ እባላለሁ። ቤቴ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው። ባሌ ክፍሌ የአፓርትመንት ሜንቴናንስ ነው የሚሠራው። ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ቸርች ውስጥ ማይክ የማያልፈው፣ የማንንም ቤት ማሞቂያ በነጻ የሚጠግን ሰው ነው። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስናደድ ስትሰሙ «ባሏ ክፉ ነው» እንዳትሉ ነው። ክፉ ቢሆንማ ምን ችግር ነበረው! በክፉ ሰው መናደድ ቀላል ነው። ደግ ሰው ሲበድልሽ ነው መግቢያ የሚጠፋሽ፤ አገሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ነዋ።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2013፣ ፋሲካ ሳይደርስ ነው። ትንሿ ልጄ ሶልያና ስምንተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ የታሪክ ውድድር ያዘጋጃል፤ ልጆቹ ርዕስ ይመርጡና አጥንተው፣ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ ዳኞች ፊት ቆመው ያስረዳሉ። እሷ የኤሌክትሪክ ሞተርን አጀማመር መረጠች። ወይ መምረጥ! አባቷ መረጠላት ብል ይቀላል። ክፍሌ የሚሽከረከር ነገር ካየ እህል ውሃ አይልም። ልጅቷ ገና ስለ ርዕሱ ስታወራ እሱ የመዳብ ሽቦ ገዝቶ ገባ።

ታሪኩ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከመቶ ሰባ ምናምን ዓመት በፊት ቨርሞንት በሚባል ብርዳም አገር ዳቬንፖርት የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አንድ ቀን ብረት የሚያቀልጡበት ቦታ ሄዶ ኤሌክትሮማግኔት አየ። የፈረስ ጫማ የመሰለ ብረት ነው፤ ሽቦ ተጠቅልሎበታል። ሽቦው ከባትሪ ጋር ሲገናኝ ከባድ ብረት ብድግ ያደርጋል፣ ሲለያይ ዷ አድርጎ ይጥለዋል። ሰውየው አበደ። ፈረስ ሳይቀር ለውጦ ማግኔቱን ገዛው ይላሉ። ቤቱ ወስዶ ሲፈታታው ሚስቱ ኤምሊ አጠገቡ ተቀምጣ ሽቦው እንዴት እንደተጠቀለለ ትጽፍ ነበር አሉ። ከዚያ የራሱን ሊሠራ ተነሳ። ችግሩ ሽቦው ነው። ያኔ ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ በሱቅ የለም። ራቁት ሽቦ እርስ በርሱ ከተነካካ ኤሌክትሪኩ ዙሩን ትቶ በአቋራጭ ያመልጣል፤ ማግኔትም የለ፣ ሞተርም የለ። ስለዚህ ሽቦውን ሐር ማልበስ አለበት። ቤት ውስጥ ያለው ሐር ደግሞ የሚስቱ የሠርግ ቀሚስ ነው።

«ሰጠችው!» አለ ክፍሌ እራት ላይ ታሪኩን ሲነግረን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «በቀጭን በቀጭኑ ቀድዳ ሰጠችው። እንዲህ ያለች ሚስት አስቡ!»

«ጎበዝ ናት» አልኩ እኔ ሰላጣ እየጨለፍኩ። ምን ላውቅ!

አሁን ስለ እኔ ቬሎ ልንገራችሁ። እኔና ክፍሌ የተጋባነው በደርግ ጊዜ ነው። ቸርቻችን ታሽጓል፤ «ጴንጤ» ከተባልሽ ቀበሌ ትጠሪያለሽ። ሠርጋችን ጉለሌ አክስቴ ቤት፣ መጋረጃ ተዘግቶ ነው የተደረገው። መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመርነው። ፎቶ የሚባል የለም፤ ፎቶ ቢገኝ ማን ከማን ጋር እንደነበር ይታወቃላ። አክስቴ እትዬ ታደለች ከጅዳ ባመጣችው ሐር ቬሎውን ራሷ ሰፋችው፤ ጎረቤት የልብስ ስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምቶ እንዳይጠይቅ እያለች ብዙውን በእጇ ነው የሰፋችው። እሷም ሞታለች፤ ቤቱም ፈርሷል። ከዚያ ቀን የቀረኝ ያ ቬሎ ብቻ ነው። አሜሪካ ስንመጣ ሻንጣው ከበደ ሲሉን ብርድ ልብሱን ኤርፖርት ጥዬ እሱን ይዤ ገባሁ።

ትልቋ ልጄ ዕድላዊት ሰኔ ላይ ልታገባ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደ ዕድሜ እኩዮቿ የሚያብረቀርቅ ነገር ትከራያለች ብዬ ስጠብቅ «ማሚ፣ ያንቺን ነው የምለብሰው» አለችኝ። አለቀስኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ልብስ የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ፣ ተናኘ ትባላለች፤ በልክሽ ታስተካክልልሻለች ብዬ ቀጠሮ ያዝኩላት። ለክፍሌም ነገርነው። እራት ላይ፣ ሁለታችንም አፍ ለአፍ እየተቀባበልን ነገርነው። እሱ ስልኩ ላይ የሞተር ቪዲዮ እያየ «እሺ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለ። ሰምቷል አልን።

ሞተሩ ተሠርቶ አለቀ። አንድ ቀን ከምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ ከሽማግሌዎች መጦሪያው፣ ውዬ ስገባ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። ሽቦው ሁሉ በቀጫጭን ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙሽራ መስሏል።

«ጨርቁን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከቤት ነው» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

አሮጌ አንሶላ መስሎኝ «እንዴት አምሮበታል!» አልኩ። በገዛ አፌ! እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ምላሴን ልነክሰው ይቃጣኛል።

እሑድ ከሰዓት ቸርች ሄድን። የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ ክፍሌ ሞተሩን በካርቶን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ሰው ገና ሲያየው ሳቀ፤ ያውቁታላ። ባትሪውን ሲያገናኘው መንኮራኩሩ ዥው ብሎ ዞረ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። የቀጥቃጩን ታሪክ አሳምሮ ተናገረ፣ እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ፣ እዚያ ጋ ከፍ እያደረገ። ኤምሊ ቀሚሷን የሰጠችበት ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ወገኖቼ፣ ይሄ የጥንት ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም» አለ። «እዚህ ሞተር ላይ የምታዩት ነጭ ሐር የባለቤቴ የአበዛሽ የሠርግ ቬሎ ነው። ለልጃችን ትምህርት ብላ ሳትሳሳ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለች ሚስት የሰጠኝ ጌታ ክብር ይሁንለት!»

አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ።

እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከሌላው ሰው እኩል ሰማሁ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ሚስት የሚያወራ መሰለኝ። ከዚያ ኳየር መስመር ላይ የቆመችውን ዕድላዊትን ሳያት አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ያኔ ገባኝ። ደሜ ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ አናቴ ላይ ወጣ። ፓስተር ዕዝራ «እህታችን አበዛሽ፣ እስቲ ብድግ በይልን» አለ። ብድግ አልኩ። ምን ላድርግ? አጨበጨቡልኝ። የጎኔ ሴትዮ አንገቴን አቅፋ «አንቺ እኮ ለኛ ምሳሌ ነሽ» እያለች አለቀሰችብኝ። በተሰረቅኩት ዕቃ ተመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

ቤት ገብቼ ኮቴንም ሳላወልቅ ሻንጣውን ከአልጋ ስር ሳብኩ። ላዩ አለ። ከወገብ በታች ያለው ተቆርጦ ሄዷል። የቀረውን ደግሞ አጣጥፎ፣ በላስቲክ ሸፍኖ መልሶ አስቀምጦታል። አጣጥፎ ማስቀመጡ!

«ክፍሌ! ማን ሰጠህ?»

«አበዙ፣ ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ እኮ...»

«ማን ሰጠህ ነው ያልኩህ!»

«እንደማትከለክይኝ አውቃለሁ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ አይደለን? ያንቺን ያንቺ፣ የኔን የኔ እየተባባልን ኖረን እናውቃለን?»

«ዕድላዊት ልትለብሰው እንደሆነ ነግረንህ የለም እንዴ!»

«መቼ?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ! እሺ፣ በጣም ጥሩ ነው አልከን!»

 ትዝ እንዳለው ከፊቱ አየሁ። እዚያ ላይ ይቅርታ ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን ምን አለ? «አሮጌ ልብስ ለብሳ ከምታገባ አዲስ እገዛላታለሁ።»

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። የክፍሌ ከረባቶች በር ላይ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ። እሑድ እሑድ መስታወት ፊት ቆሞ የሚያማርጣቸው ናቸው። ሁሉንም ሰብስቤ አልጋው ላይ ጣልኳቸው፤ አንዱን ገልብጬ ከጀርባው የተሰፋችውን ጽሑፍ አፍንጫው ስር ያዝኩለት።

«ከምንድነው የተሠራው? አንብበው።»

አነበበው። «ሐር» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ሐር ነው።»

«ታዲያ?»

«እነሱማ የማደርጋቸው ናቸው» አለኝ።

የማደርጋቸው ናቸው! ጌታ ያሳያችሁ! ከልቡ እኮ ነው ያለው፤ ነገሩ ጭራሽ አልታየውም። ሐር ሲፈልግ እግሩ በከረባቶቹ በኩል አልፎ ቀጥ ብሎ የሄደው ወደኔ ሻንጣ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እንዲህ ነው። አንድ ሥጋ ከሆንን ቢላዋው ለምን በኔ በኩል ብቻ ይገባል?

ተናኘ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ዕድላዊትም አብራኝ ነበረች። ተናኘ ቬሎውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ መነጽሯን አጠለቀች። «ማነው የቆረጠው? በምን መቀስ ነው? የዶሮ መቁረጫ ነው እንዴ?» አለች። ስንነግራት መቀሷን አነሳችና «የኔ ሰውዬ ማሽኔ አጠገብ ቢደርስ ጣቱን ነበር!» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ «ላዩን አድነዋለሁ። ታቹን ሌላ ሐር እቀጥልበታለሁ። ግን እንደነበረው አይሆንም፣ አልዋሽሽም» አለችኝ።

«ማሚ፣ ተይው በቃ። ኢትስ ኦኬ» አለች ዕድላዊት ዓይኗን እየጠረገች። «ዳዲ አስቦ አይደለም ያደረገው።»

«ኦኬ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባት። ተናኘ ሱቅ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። «አለማሰቡ እኮ ነው ያንገበገበኝ!»

ማታ ክፍሌን የምፈልገውን ነገርኩት። ጨርቅ አልፈልግም፤ አዲስ ልብስም አትግዛ። በዚያው ማይክ፣ በዚያው ሰው ፊት ቁምና «አበዛሽ አልሰጠችኝም፣ ሳልጠይቃት ቆረጥኩት» በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

«እንዴት ብዬ? ስንቱ ሰው አልቅሶበታል!» አለ። «ምስክርነት ይታጠፋል እንዴ? ቤታችን መሳቂያ ይሁን?»

«እኔ ያላደረግኩትን አደረገች ብለህ ስታስጨበጭብብኝ መሳቂያ አልሆንኩም?»

ከዚያ ማዕድ ቀረበ፣ ወሬ ቀረ። «እራት አለ»፣ «ስልክ ተደወለልህ»፣ በቃ ይሄው ነበር የቤታችን ወሬ። ክፍሌ ፓስተር ዕዝራን ይዞ መጣ። ፓስተሩ ሻዩን ይዞ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እህት አበዛሽ፣ እሱ ባደባባይ ያከበረሽ መስሎት ነው። ሰርግ ደርሷል፤ ዝም በይና እለፊው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?» አለኝ።

«ፓስተር፣ ዝም አይነቅዝም፤ እኔ ግን እየነቀዝኩ ነው» አልኩት። «ቬሎው ቢቀርም ይቅር። ስሜን ግን ያላደረግኩት ነገር ላይ ለጥፈውታል። እሱን ይንቀሉልኝ።»

ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጂም በጠረጴዛ ተሞልቷል። የቸርች ሰዎች ሶልያናን ሊያበረታቱ መጥተዋል፤ ፓስተር ዕዝራም፣ ያቺ አንገቴ ላይ ያለቀሰችውም ሴትዮ አለች። ክፍሌ ቀዩን ከረባት አድርጓል። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሶልያና ሞተሩን አስነሳች፤ ከዚያ ባትሪ ያኔ ውድ ስለነበረ ሞተሩ ሰውየውን ሀብታም እንዳላደረገው፣ ፓተንቱን፣ የፈጠራ መብቱን፣ ግን በፈረንጆቹ 1837 እንዳገኘ ቀልጠፍ ብላ አስረዳች። ልጄ መሆኗን ረስቼ አዳመጥኳት።

ዳኛዋ ሽበታም ፈረንጅ ናት። ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብላ «ይሄ ሐር እንዴት የሚያምር ነው! ከየት ተገኘ?» አለቻት።

ክፍሌ ደረቱን ነፋ። ሶልያና አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን አየች። በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችው፤ እኛ ግን ሁላችንም ሰማን።

«የእናቴ የሠርግ ልብስ ነው። አባቴ ነው የቆረጠው። እሷን አልጠየቃትም። ቸርች ውስጥ ሰጠችኝ ብሎ ተናገረ፣ ግን አልሰጠችውም። እህቴ ልትለብሰው ነበር።»

ዳኛዋ ቀና አለች። ሶልያና አልቆመችም። ጣቷን ሰሌዳው ላይ፣ አዲስ ወረቀት የተለጠፈበት ቦታ ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ መጀመሪያ ኤምሊ ቀሚሷን ሰጠች ብዬ ጽፌ ነበር። ያነበብኩት ሁሉ እንደዚያ ይላል። ከዚያ እሷ ራሷ ሰጠሁ ያለችበትን ቦታ ፈለግኩ። እኔ አላገኘሁም። ሰጥታ ሊሆን ይችላል፤ ደስ ብሏትም ሊሆን ይችላል። ግን አላውቅም። ስለዚህ ቀየርኩት።»

አዲሱ ወረቀት ላይ «ሽቦው በኤምሊ የሠርግ ቀሚስ ሐር ተጠቀለለ ይባላል። እሷ ምን እንዳለች አላገኘሁም» የሚል ነበር።

የቸርች ሰዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የክፍሌ ፊት ከከረባቱ ጋር አንድ ሆነ። ማንም አልነገራትም፣ እኔም አላዘዝኳትም፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አንድ ቤት ሙሉ አዋቂ ያቃተውን ተናገረችው። እዚያው ቆሜ እንባዬ ወረደ። የንዴት እንባ ነበር፤ እሷ ሳትሆን እሱ ነበር እንዲህ ማለት የነበረበት።

 ቤት እንደገባን ክፍሌ ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ አደረገና ሐሩን ከሽቦው ላይ መፍታት ጀመረ። ካውያ አምጥቶ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ተኮሰው። ሁሉንም በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ሞተሩ ራቁቱን ቀረ።

«ይሄው» አለኝ።

«ጨርቅ አልጠየቅኩህም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። አንገቱን ደፋ። «ነገ እናገራለሁ።»

በማግስቱ ማይኩን ያዘ። ካርቶን የለ፣ ሞተር የለ፣ ከረባትም አላደረገም። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ያልሆነ ነገር ተናግሬያለሁ» አለ። «አበዛሽ ቬሎዋን አልሰጠችኝም። ሳልጠይቃት፣ ሳትኖር፣ ከሻንጣዋ አውጥቼ ቆረጥኩት። ልጃችን ልትለብሰው ነበር። እየተነገረኝም አልሰማሁም።»  ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልዋሽም፣ ልቤ ራራ።  «ባሌ ነው» አልኩ በልቤ፣ «ያ ጉለሌ አብሬው በሹክሹክታ የዘመርኩት ሰው ነው።»

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት!

ግን ማይክ ይዟል። ሰው ደግሞ እያየው ነው፤ ዓይኖቹ ሁሉ አዝነውለታል። ክፍሌ እንባውን ጠረገና ድምፁ ከፍ አለ፤ «ግን እንዴት ያለች ሚስት እንደሰጠኝ ታውቃላችሁ! አበዛሽ ከልቧ ይቅር ብላኛለች! ክብር ለጌታ ይሁን!»

«ሃሌሉያ!» አለ አዳራሹ። ጭብጨባው ቀለጠ። ያቺው ሴትዮ እጇን ዘርግታ ልታቅፈኝ ተነሳች። ፓስተር ዕዝራ ደግሞ በእጁ «ብድግ በይልን» አለኝ፤ ፊቱ በርቷል።

ብድግ አልኩ። ማይክ ሊያቀብሉኝ ሲሯሯጡ በእጄ መለስኳቸው። ድምፄ ይበቃኛል።

«ክፍሌ» አልኩ። «ይቅርታውንም አልሰጠሁህም።»

ጭብጨባው በአንዴ ቆመ።

«መቼ ጠየቅከኝ? ዛሬ ጠዋት? ትናንት ማታ? ነገ እናገራለሁ አልከኝ እንጂ ይቅር በይኝ አላልከኝም። ይሄንንም ከሻንጣዬ ነው ያወጣኸው።»

 ክፍሌ ማይኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ከመድረኩ ወረደ። በወንበሮቹ መሃል መጥቶ ፊቴ ቆመ። እንደዚያ ፈዞ አይቼው አላውቅም። ሰው የማይሰማው በሚመስል ድምፅ፣ ጉለሌ ስንዘምር በነበረው ድምፅ፣ «አበዙ፣ ይቅር ትይኛለሽ?» አለኝ።

ዕድላዊት ታየኛለች። ሶልያና ታየኛለች። አዳራሹ ሙሉ አሜን ሊል አፉን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ዛሬ አይደለም» አልኩት።

«እሺ» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም።